ጨዋታው የሚያልቀው መቼ ነው?

ገበጣን የማያውቅ የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? እረኛ ከብቱን አሰማርቶ ጥላ ሥር አረፍ ሲል መጀመሪያ የሚያደርገው መሬቱን ምሶ ጉድጓድ ማውጣት ነው። ከዚያ ጠጠር ይለቅማል። ጠጠር ካጣ ባቄላ አለ፤ ባቄላውን ከቆረጠመው ደግሞ የፍየል በጠጥ ሞልቷል። ገበጣ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባትሪም አይጠይቅም።

አጨዋወቱ ካገር ካገር ይለያያል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ግን አንዱን ዓይነት ብቻ እንውሰድ። ሁለት ረድፍ ጉድጓድ አለ፤ በየረድፉ ስድስት ስድስት። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይገባል። አሥራ ሁለት ጊዜ አራት አርባ ስምንት ይሆናል። ተራው የደረሰው ሰው ካንዱ ጉድጓድ ያለውን ጠጠር ሁሉ ያፍስና ለሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እያለ ያድላል። ብልሃቱ ያለው የመጨረሻዋ ጠጠር የት ታርፋለች በሚለው ላይ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት በዓይኑ ቆጥሮ ጨርሷል። ፊደል ሳይቆጥር ሒሳብ የተማረ ሰው ማየት የፈለገ ወደ እረኞች ይሂድ።

ታዲያ ገበጣ መቼ ያልቃል? ጠጠሩ ተበልቶ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል። አለዚያም ከብቱ የሰው ገብስ ውስጥ ይገባና ጨዋታው በባለ ማሳው ዱላ ያልቃል። ይህን ስል ገበጣም እንደሚያዘናጋ ልብ በሉልኝ። አባቶች በገበጣ ምክንያት ልጅ ሲገርፉ ኖረዋል። ነገር ግን ማለቂያ አለው።

የገና ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ገናን የምንጫወተው በታኅሣሥ፣ አዝመራው ገብቶ ሰው ፋታ በሚያገኝበት ወራት ነው። የበዓሉ ዕለት ጌታው በአሽከሩ አይቆጣም ይባላል። ጥርስ ቢወልቅ፣ ቅልጥም ቢሰበር ቂም አይያዝም። ታዲያ ሩሩ የሚመታው በወቅቱ ብቻ ነው። በሰኔ ገና የሚጫወት ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ጸበል ይወስደው ነበር።

ጨዋታ ያገር ጠባይ አለበት። ሰንጠረዥን ተመልከቱ። ሰንጠረዥ ዱሮ መኳንንቱ የሚጫወቱት፣ ዛሬ ቼስ የምንለው ጨዋታ ወንድም ነው። በፈረንጆቹ ቼስ ሁለቱ ሰዎች ተራ እየጠበቁ ይጫወታሉ። በእኛ ሰንጠረዥ ግን መጀመሪያ ላይ ተራ የለም፤ አንዱ የሌላውን ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እንደ ልባቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ደግሞም በትልቁ ቁራጭ መርታት እምብዛም ክብር የለውም፤ በታናሹ እግረኛ የረታ ነው የሚመሰገነው። አያችሁ? ደንቡ ውስጥ «ክብር የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተቀምጧል። ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሳያውቀውም ቢሆን አንድ ነገር እያስተማረ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ጨዋታ እንምጣ። በየወረዳው ከተማ የፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ኳስ ተጫዋቾች ይሮጣሉ፤ ልጁ በእጁ በያዘው መጫወቻ ያዛቸዋል። ይህ ቪዲዮ ጌም ይባላል። ባጭሩ ጌም እንበለው። ኮምፒዩተር የገባበት መሣሪያ በመስታወቱ ላይ ሥዕል ያሳያል፤ ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ሥዕሉ ይታዘዘዋል። ገበጣን የሠራው አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ትውልድ እየተጫወተ ያረመው ነው። ጌምን ግን ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች በቢሮ ተቀምጠው ይሠሩታል። «ተጫዋቹ እዚህ ጋ ምን ይሰማዋል? እዚህ ጋ ይሰለች ይሆን?» እያሉ ይመክሩበታል። ይህ ምክክር የጌም ንድፍ ይባላል። ቤት ከመሠራቱ በፊት ልኩ እንደሚወጣ ማለት ነው።

በ1972 አታሪ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ፖንግ የሚባለውን ጌም አወጣ። አንድ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ሁለት ሰዎች እንደ ጠረጴዛ ቴኒስ ይመልሱታል። ሌላ ምንም የለውም። በመጠጥ ቤት ተተክሎ ሳንቲም እየጎረሰ ያጫውት ነበር። በ1978 ደግሞ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ ጃፓናዊ ስፔስ ኢንቬደርስን ሠራ። ከላይ ወደ ታች በሰልፍ የሚወርዱ ጠላቶችን መተኮስ ነው። አንድ የሚገርም ነገር አለው። ጠላቶቹ ሲያልቁ የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ። ሰውየው መጀመሪያ እንዲህ ይሁን ብሎ አልነበረም። መሣሪያው ደካማ ስለነበር ብዙ ሥዕል ሲሸከም ይዘገያል፤ ሸክሙ ሲቀልለት ይፈጥናል። የጭነት በቅሎ አስቡ። ኒሺካዶ ግን ይህን ሲያይ ጨዋታውን እንዳጣፈጠው ተረዳና እንዳለ ተወው። ከዚያ ወዲህ «ተጫዋቹ ሲጎብዝ ጨዋታውም ይክበድበት» የሚለው ነገር እንደ ሕግ ሆነ።

ሳንቲም የሚጎርሰው ጌም የሚያተርፈው ተጫዋቹ ቶሎ ሲሸነፍ ነው። ምነው ቢሉ፣ ቶሎ ከተሸነፈ ሌላ ሳንቲም ይከታል። ቶሎ ተሸንፎ ግን ተስፋ ከቆረጠ ይሄዳል። ስለዚህ የሠሪው ጥበብ ሰውየውን «ለጥቂት ነው!» እያስባለ ማሸነፍ ነው። የከተማችን ፕሌይስቴሽን ቤትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ሒሳቡ በጨዋታ ስለሆነ ባለቤቱ የጨዋታውን ደቂቃ ያሳጥረዋል። ቢሆንም እዚያ ቤት አንድ ደግ ነገር አለ። የልጁ ገንዘብ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል፤ ከኋላው የቆመውም «ተራዬ ነው፣ ተነሣ!» ይለዋል። ወረፋው እንደ ባለ ማሳው ዱላ ያገለግላል።

በ1984 በሞስኮ የሳይንስ አካዳሚ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ቴትሪስን ሠራ። ከአራት አራት ካሬ የተሠሩ ቁርጥራጮች ከላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ እያዞረ እንደ ድንጋይ ካብ ያለ ክፍተት ይደረድራል። ረድፉ ከሞላ ይጠፋል። ካልሞላ ካቡ እያደገ ጣራ ይነካና ጨዋታው ያልቃል። ካብ የካበ የጋይንት ገበሬ ይህን ጌም ማንም ሳያስተምረው ይጫወተዋል ብዬ አምናለሁ። ባለ ቁልፉ የኖኪያ ስልክ ደግሞ እባብን አመጣልን። ከ1997 ጀምሮ ነው። እባቡ በበላ ቁጥር ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር መዞሪያ ያጣል፤ በመጨረሻ የገዛ ጅራቱን ነክሶ ይሞታል። እባብም ቴትሪስም የሚያልቁት በመሸነፍ ቢሆንም፣ ያልቃሉ። ማንም «ክፈልና እባብህን ላስነሣልህ» አይልም ነበር።

ዛሬ በስልክ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ጌሞች ከዚህ ይለያሉ። መጫኛቸው ነጻ ነው። ነጻ ሲባል ግን ጠርጥሩ። ኪንግ የተባለው ኩባንያ በ2012 ያወጣው ካንዲ ክራሽ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከረሜላ የሚመስሉ ሥዕሎችን ሦስት ሦስት እያደረጉ ማጥፋት ነው። ለተጫዋቹ አምስት ነፍስ ይሰጠዋል። በተሸነፈ ቁጥር አንድ ነፍስ ይቀነሳል። አምስቱም ሲያልቁ አንድ ነፍስ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ይጠብቃል። መጠበቅ ካልፈለገ በገንዘብ ይገዛል፤ ወይም ወዳጁን ይለምናል። ንድፉን ልብ አድርጉ። ጌሙ የሚሸጠው ጨዋታውን አይደለም፤ መጠበቅ አለመቻልን ነው። አንዱን ደረጃ ሲጨርሱት ሌላ ደረጃ ይመጣል፤ ከዚያም ሌላ። ኩባንያው አዳዲስ ደረጃ ሲጨምርበት ኖሯል። ጠጠሩ አያልቅም ማለት ነው።

ሰው ግን ለምን አይተወውም? ይህን ለመረዳት ዶሮ እናስብ። አንዲት ዶሮ በየቀኑ ጧት በጎጆዋ ውስጥ አንድ እንቁላል ትጥላለች። እመቤቲቱ ጧት አንዴ ታያለች፤ ትወስዳለች፤ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሌላዋ ዶሮ ደግሞ ጠባይዋ አይታወቅም። አንዳንድ ቀን ሁለት ትጥላለች፤ ሦስት ቀን ትዘልላለች፤ ጓሮ ትጥላለች፤ አልጋ ሥር ትጥላለች። እመቤቲቱ ይቺኛዋን ስንት ጊዜ ታያለች? ቀኑን ሙሉ ስታጎነብስ ትውላለች! እንቁላሉ ግን ከመጀመሪያዋ ዶሮ አይበልጥም። ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በርግቦች ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው። ርግቧ ቁልፍ በመንቁሯ ስትነካ እህል ይወድቅላታል። እህሉ መቼ እንደሚወድቅ ሳይታወቅ ሲቀር ርግቧ ያለ ፋታ ትነካለች፤ እህሉ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ቶሎ አትተውም። የብዙ ጌሞች ሽልማት የተሠራው እንደ ሁለተኛይቱ ዶሮ ነው። «ዛሬ ግባና ስጦታህን ውሰድ» ይላል ስልኩ። ስጦታው ትንሽ ይሁን ትልቅ ሳይከፍቱት አይታወቅም።

«እኛ ዘንድ ኔትወርክ የት አለና፣ ይህ የከተማ ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። ከሆነብን ነገር ልንገራችሁ።

ከማታ ተማሪዎቻችን መካከል ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ የታች ጋይንት ገበሬ አሉ። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ናት፤ ኢንተርኔት አታውቅም። አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ ቀርተው «ልጄ፣ ይቺ ስልክ እየበላችኝ ነው» አሉኝ። ካርድ ይሞላሉ፤ ለማንም ሳይደውሉ ያልቃል። ልጃቸውን ጠርጥረው ተቆጥተውታል። ልጁ ደግሞ አልደወልኩም ብሎ ይምላል። ስልኳን ተቀብዬ መልእክቱን ከፈትኩት። ከአንድ አጭር ቁጥር የተላከ መልእክት በያይነቱ ተደርድሯል። «እንኳን ደስ አለዎት! መልስዎ ትክክል ነው። ነጥብዎ ጨምሯል። ለታላቁ ሽልማት ተቃርበዋል።» ነገሩ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ነው። ጥያቄው ምን መሰላችሁ? የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ማን ናት፣ አዲስ አበባ ወይስ ናይሮቢ! ልጁ አንድ ቀን 1 ቁጥርን ጽፎ መልሷል። በቃ፣ ተመዝግቧል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ብር ይቆረጣል። በወር ስድሳ ብር ማለት ነው።

ጥያቄው መቅለሉ ራሱ ንድፍ ነው። የሚከብድ ቢሆን ኖሮ ልጁ ይተወው ነበር። ነጥቡን አንብቤ ስነግራቸው ሰውየው ሳቁ። «ታዲያ ይህን ነጥብ አርብ ገበያ ወስጄ ለማን ልሽጠው?» አሉ። አርብ ገበያ የወረዳቸው ከተማ ናት። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ጌም ሽልማት ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው በዚሁ ጥያቄ ነው። የጌም ነጥብ፣ የጌም ወርቅ፣ የጌም አልማዝ ከጌሙ ወጥቶ የሚሸጥበት ገበያ በአብዛኛው የለም። የተከፈለበት ብር ግን እውነተኛ ነው።

መልእክቱን ወደ ታች ስናወርደው የመጨረሻው መሥመር ላይ ማቆሚያው ተጽፏል። ከምስጋናውና ከሽልማቱ ሁሉ በታች። አላነበብኩላቸውም። «እርስዎ ያንብቡት» አልኳቸው። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው፣ ለ፣ ማ፣ ቆ፣ ም አሉ። እንደገና መለስ ብለው ባንድ ትንፋሽ «ለማቆም» አሉ። ቀጥሎ ያለውን ቃልና ቁጥሩን ራሳቸው ጽፈው ላኩ። ብዙም ሳይቆይ አገልግሎቱ ተቋርጧል የሚል መልስ መጣ። እሱንም አነበቡት። ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቁ ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ስለ ጌም የሚወራው ሁሉ ግን እውነት አይደለም። «ጌም የሚጫወት ልጅ ወንበዴ ይሆናል» የሚሉ አሉ። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር በ2020 ባወጣው መግለጫ ተኩስ የሞላባቸው ጌሞች ሰውን ወደ ከባድ ወንጀል ይመራሉ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። መጯጯህና መገፋፋት ከመሳሰሉት ጋር ግን ትንሽ ዝምድና እንዳላቸው ገልጿል። ጥቅምም ተገኝቷል። ግሪንና ባቬሊየር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ጥናት ፈጣን ጌም የሚጫወቱ ሰዎች በዓይናቸው ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ የመከታተል ችሎታቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል። ገበጣ ቁጥር እንደሚያስተምር ሁሉ ማለት ነው።

ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል፤ በ2019 ተቀባይነት አገኘ፤ ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በሽታ ነው የሚባለው ግን እንዲሁ ብዙ ሰዓት ስለተጫወቱ አይደለም። ሰውየው መቆጣጠር ሲያቅተው፤ ከትምህርቱ፣ ከሥራውና ከሌላው ነገር ሁሉ ጌሙን ሲያስቀድም፤ ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። እንዲህ የሚሆኑት ከተጫዋቾቹ ጥቂቶቹ ናቸው። እንግዲህ እሑድ ከሰዓት ኳስ ጌም የተጫወተውን ልጅ ሱሰኛ ብሎ መስደብ ነውር ነው። ሌሊቱን ሲጫወት አድሮ ጧት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ግን ቀርቦ «ምን ሆነሃል?» ማለት ይገባል። አንዳንዱ የሚሸሸው ነገር ስላለው ነው የሚጫወተው።

መንግሥታትም እጃቸውን አስገብተዋል። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኢንተርኔት ጌም የሚጫወቱትን ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን በየምሽቱ አንዳንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰነች። ቤልጂግ ደግሞ በ2018 በጌም ውስጥ ገንዘብ ተከፍሎባቸው ምን እንደያዙ ሳይታወቅ የሚከፈቱ ሣጥኖችን ከቁማር ቆጠረቻቸው። እኔ የቤልጂጉ ይሻላል ባይ ነኝ። የቻይናው ልጁን ያስራል፤ የቤልጂጉ የዶሮዋን ባለቤት ይጠይቃል።

ጌምን ሠርቶ የሚያመጣልን የግድ ፈረንጅ ነው ወይ? አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ የተባለ ድርጅት ኩኩሉ የሚባል የስልክ ጌም ሠርቷል። ለበዓል እንዳትታረድ የምትሸሽ ዶሮ ናት። የትንሣኤ ዋዜማ ዶሮ አምልጣበት ያባረረ ሰው ቀልዱን ወዲያው ይረዳዋል። ይኸው ድርጅት ገበጣንም በስልክ አውጥቶታል። ደስ ይላል። ግን ገበጣ ስልክ ውስጥ ሲገባ የሚቀርበት ነገር አለ። በሜዳ ላይ ሲሆን ከኋላ የቆመው «ያቺን አንሣ! ኧረ አይደለም፣ በስተግራህ!» እያለ ይጮኻል፤ የተሸነፈውም ጠጠር ሰርቀሃል ብሎ ይሟገታል፤ ሽማግሌ ይዳኛል። የስልኩ ገበጣ አይሰረቅም፤ አይሟገትም። በሌላ በኩል ደግሞ በሽሎ ሸለቆ ያለው ልጅና አዲስ አበባ ያለው አጎቱ በስልክ አንድ ገበጣ ቢጫወቱ ማን ይጠላል? ደንቡን የሚጽፈው ማን ነው፣ ማብቂያውንስ የት ያደርገዋል? በዚህ በኩል የመካነ ኢየሱስ ወይም የወገዳ ተማሪ ነገ የሚጨምረው ቢኖር አይገርመኝም። ገበጣን ስንት ዓይነት አድርገው የፈጠሩት እረኞች ናቸውና።

ለውይይት። በሚቀጥለው ማታ ስልክ ያለው ስልኩን ይዞ ይምጣ። ከአጭር ቁጥር የመጡትን መልእክቶች ተራ በተራ ጮክ ብለን እናነባለን፤ ማቆሚያው ስንተኛው መሥመር ላይ እንደተጻፈ እንቆጥራለን። በየቀኑ ሁለት ብር ቢቆረጥ በዓመት ስንት እንደሚሆን በደብተራችሁ አስሉ። እንዲሁም በየቀበሌያችሁ ገበጣ የሚያልቅበትን ደንብ ታላላቆችን ጠይቃችሁ በሦስት መሥመር ጻፉ፤ የእስቴውና የስማዳው አንድ መሆኑን እናያለን። ጠጠሩን እኔ አመጣለሁ።